አልፎንስ ቤርቲዮን፤ ወንጀል የተሠራበትን ስፍራ በፎቶግራፍ የለካ ሰው

በሰሜን ወሎ ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ቆቦ ሜዳ ሲደርስ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ከፍ ያለው ደጋ ሜዳውን ከሁለት ወገን አጥረውት ያያል። ይህ የራያ ቆላ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ የሚያድግበት፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍም ወደ እርሻው እየተጠለፈ አዝመራውን የሚያጠጣበት ለም ምድር ነው። ለገበሬው የሚስማማው ይህ ምድር ለወንጀል መርማሪ ግን የሚያስቸግር ነው። በማሽላው ውስጥ የተፈጸመ ነገር ከውጭ አይታይም። በሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ የታተመ የእግር ዱካ ብዙ አይቆይም፤ ወይ ነፋስ ያለብሰዋል፤ ወይ ከብት ይረግጠዋል፤ ወይ ጎርፍ ይወስደዋል። ሰው ተገድሎ የተገኘ እንደ ሆነም ዋይታው ተሰምቶ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሬሳው ይነሣል፤ ደሙ አፈር ይለብሳል፤ ገዳዩ የተወው ምልክት ሁሉ ከለቅሶተኛው ዱካ ጋር ይደባለቃል።

ከዚያ በኋላ ለዳኛው የሚቀርለት የሰው አፍ ብቻ ነው። የሰው አፍ ደግሞ ቂም ያጣምመዋል፤ ፍርሃት ይዘጋዋል፤ ዝምድና ያላላዋል። ደም በደም ይመለሳል የሚል ልማድ ባለበት ስፍራ ስሙ በስሕተት የተጠራ ሰው ሁለተኛው ሬሳ ለመሆን ይችላል። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት የሟችንና የገዳይን ወገን ለማስታረቅ ብዙ የደከመ ነው፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌ ሊያስታርቅ የሚችለው ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

አባቶቻችን ያልታወቀ ወንጀለኛን ለማግኘት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው፤ ያገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሳይበተን ይውል ነበር። ሁለተኛው ሌባሻ ነው፤ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄድና ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። የመጀመሪያው የሕዝብን አንድነት የሚያሳይ ቁም ነገር አለው፤ ሁለተኛው ግን ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስከፈለ መገመት አያዳግትም። በሁለቱም ዘንድ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ወንጀሉ የተሠራበት ስፍራ ራሱ ምስክር ሆኖ አልተጠየቀም።

ይህ ጉድለት ያገራችን ብቻ አልነበረም። ሥልጡን የምትባለው ፓሪስ እንኳ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ስፍራውን እንደ ምስክር መጠየቅን አታውቅም ነበር። ይህን ያስተማራት ከአንድ ቀዝቃዛ የጽሕፈት ክፍል የተነሣ ዝቅተኛ ጸሐፊ ነው። ሕይወቱ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ አንዱ እንዲከተሉት፣ ሁለተኛው እንዲጠነቀቁበት ነው።

የሊቃውንት ቤት ሰነፍ ልጅ

አልፎንስ ቤርቲዮን በ1853 በሚያዝያ ወር በፓሪስ ተወለደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኘው ዘመን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባቱ ሉዊ አዶልፍ ቤርቲዮን ሐኪምና የሕዝብ ቁጥር ሊቅ ነበር። የእናቱ አባት አሺል ጊያር ስለ ሕዝብ ብዛት የሚመረምረውን ትምህርት ዴሞግራፊ ብሎ የሰየመ ሰው ነው። ወንድሙ ዣክም በኋላ የሞትን ምክንያቶች በየወገናቸው መድቦ ብዙ አገሮች የተቀበሉትን ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። በዚህ ቤት የሰውን አካል መለካትና መቁጠር እንደ ዕለት እንጀራ የተለመደ ነበር።

አልፎንስ ግን ለቤቱ ክብር የሚሆን ልጅ አልመሰለም። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ እየተባረረ አደገ። ጠባዩ ደረቅ፣ ንግግሩ አጭር፣ ቍጣው ቅርብ ነበር። ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ ፈረንሳይኛ እያስተማረ ጥቂት ጊዜ ኖረ፤ ተመልሶም የውትድርና ግዴታውን ፈጸመ። በመጨረሻ አባቱ በወዳጅነት ለምኖ በ1879 በፓሪስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት በረዳት ጸሐፊነት አስቀጠረው። ያን ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት አልሞላም ነበር።

ሥራው የተያዙ ሰዎችን መልክ በካርድ ላይ መገልበጥ ነበር። ክፍሉ በክረምት እጅን ያደነዝዛል፤ ሥራውም አእምሮን ያደነዝዛል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁመቱ መካከለኛ፣ ፊቱ ተራ፣ ልዩ ምልክት የሌለው የሚል ነው። እንዲህ ያለው ቃል ለሺሕ ሰው ይስማማል። ፎቶግራፍም ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ አንገቱን አዘንብሎ፣ አንዱ ፊቱን አጨማድዶ የተነሣ ነው። በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠረው ይህ ሥዕል የተደረደረው በስም ፊደል ስለ ነበረ ስሙን የለወጠ ወንጀለኛ ሁሉ እንደ አዲስ ሰው ይታይ ነበር።

ሌላው ጸሐፊ ይህን አይቶ ደመወዙን እየተቀበለ ዝም አለ። ቤርቲዮን ግን ዝም ማለት አልቻለም። በአባቱ ቤት ያየውን አስታወሰ። ሰው ስሙን፣ ጢሙንና ልብሱን ይለውጣል፤ የአጥንቱን ልክ ግን ከጎለመሰ በኋላ ሊለውጥ አይችልም። ያገራችን ሰው በክንድና በስንዝር እንደሚለካ፣ እርሱም የሰውን ክንድ፣ የመካከለኛ ጣት፣ የግራ እግር፣ የጆሮ፣ የራስ ርዝመትና ስፋት፣ የቁመትና የተዘረጋ እጅ ልክ መውሰድ እንደሚበቃ አሰበ። እንደ ሒሳቡ ከሆነ 11 ልክ ቢወሰድ ሁለት ሰዎች በሁሉም የሚገጣጠሙት ከ4 ሚሊዮን በሚበልጥ ቁጥር መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሳቡን ለፖሊስ አዛዡ ለአንድሪዩ አቀረበ። አዛዡ አልተቀበለውም። ጽሑፉም የተወሳሰበ ስለ ነበረ የሚያነበው ሁሉ ይስቅበት ጀመር። ይሁንና ተስፋ አልቈረጠም። በ1882 መጨረሻ አዲሱ አዛዥ ካሜካስ ሦስት ወር ብቻ ሰጠው፤ በዚህ ጊዜ አንድ የቀድሞ ወንጀለኛ በልኩ ካላወቀ ሥራው ይዘጋል። ቤርቲዮን ከማለዳ እስከ ማታ ለካ፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ኦስትሪያዊት አሜሊ ኖታር ካርዶቹን በመጻፍ ረዳችው። ቀኑ እየተሟጠጠ ሳለ፣ በየካቲት 1883፣ ዱፖን ነኝ ያለ አንድ ሰው ተለካ። ካርዶቹ ሲመረመሩ ልኩ ቀደም ሲል በሌላ ስም ከተያዘ ሰው ልክ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ማምለጫ ሲያጣ አመነ። በዚያው ዓመት 49፣ በሚቀጥለው ዓመት 241 ሰዎች በዚሁ መንገድ ታወቁ።

በ1885 ፈረንሳይ ደጋጋሚ ወንጀለኞችን ወደ ሩቅ ግዛቷ አግዛ ለማስቀረት ሕግ አወጣች። ከዚህ በኋላ ሰውን ለይቶ ማወቅ የዕድሜ ልክ ግዞትን የሚወስን ሆነ። በ1892 በፓሪስ በዳኞች ቤት ፈንጂ ያፈነዳው ራቫሾል በተያዘ ጊዜ ደግሞ ልኩ ኬኒግስታይን ከሚባል፣ በግድያ ከሚፈለግ ሰው ልክ ጋር አንድ መሆኑ ተገለጠ። የጸሐፊው ስም በዓለም ተሰማ። በማግሥቱ ዓመት የወንጀለኞችን ማንነት የሚለየው ክፍል ተቋቁሞ የበላይ አዛዥ ሆነበት።

ስፍራው ሳይነካ

ቤርቲዮን ልክን ከሰው አካል ወደ ፎቶግራፍ፣ ከዚያም ወንጀል ወደ ተሠራበት ስፍራ አሻገረ። አስቀድሞ የእስረኛውን አነሣሥ ሥርዓት አስያዘ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ ወንበሩና ካሜራው ከማይለዋወጥ ርቀት ላይ ሆነው፣ ሥዕሉም ከእውነተኛው መጠን አንድ ሰባተኛ እንዲሆን አደረገ። በ1890 ስለ ፍርድ ፎቶግራፍ ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ያስረዳል። ዛሬ በዓለም ላይ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከፊትና ከጎን የሚያነሣው ከእርሱ በተወረሰ ልማድ ነው።

ሰው የተገደለበት ክፍል ግን እንደ እስረኛ በወንበር አይቀመጥም። ቀድሞም በየአገሩ ሬሳንና የተሰበረ በርን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ነበሩ። ጉድለቱ ፎቶግራፍም የሚያሳስት መሆኑ ነው። የቅርቡን ያገዝፋል፣ የሩቁን ያሳንሳል። በሥዕሉ ላይ ቢላዋው ከሬሳው እጅ አጠገብ የወደቀ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁለት ክንድ ይርቃል። ራሱን ገደለ ወይስ ተገደለ የሚለው ፍርድ ደግሞ በዚያች ሁለት ክንድ ሊወሰን ይችላል።

ቤርቲዮን ለዚህ መድኃኒት ፈለገ። የካሜራው ዓይን ከመሬት ያለው ከፍታ የታወቀ እንዲሆን፣ የመስታወቱም ዓይነት እንዳይለዋወጥ አደረገ። ፎቶግራፉን ዳርና ዳሩ የመለኪያ መሥመር በታተመበት ካርቶን ላይ አስለጠፈ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ያየ መርማሪ በክፍሉ ውስጥ ሳይገባ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ደሙ ያለውን ርቀት አስልቶ የክፍሉን ፕላን ለመንደፍ ቻለ። ለሬሳውም እግሩ ከሰው ቁመት በላይ የረዘመ ሦስት እግር ማቆሚያ አሠራ፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቀጥታ ወደ ታች ይመለከታል። ሬሳው ከነተዘረጋ እጁ፣ ከነተገለበጠ ወንበሩ፣ ከነደሙ፣ ጣራው ተነሥቶ ከሰማይ የታየ ያህል ሆኖ ይቀረጻል።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሥዕሉ ሳይነሣ ምንም ነገር አይነካም። አስቀድሞ ሰፊው ስፍራ በሙሉ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ነገር ከአካባቢው ጋር፣ በመጨረሻም ትንሹ ምልክት ከቅርብ፣ መለኪያ ከአጠገቡ ተቀምጦ ይነሣል። የእግር ዱካ ያለ መለኪያ ቢነሣ የሕፃን ይሁን የጎልማሳ አይለይም፤ መለኪያ ከአጠገቡ ቢኖር ግን ከተጠረጠረው ሰው ጫማ ጋር ሊተያይ ይችላል። ሬሳው ይቀበራል፤ ክፍሉ ይታጠባል፤ ዝናብ ይዘንባል። ፎቶግራፉ ግን ከዓመት በኋላ ለዳኛውም፣ ለከሳሹም፣ ለተከሳሹ ጠበቃም ያንኑ ያሳያል። ምስክርን በስጦታና በዛቻ ማስለወጥ ይቻላል፤ በጊዜው በጥንቃቄ የተነሣና ሳይነካካ የተጠበቀ ፎቶግራፍ ግን ከእንዲህ ያለ ፈተና የራቀ ነው።

በጥቅምት 1902 በፓሪስ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሬቤል የሚባል አገልጋዩ ተገድሎ ተገኘ። የዕቃ ማስቀመጫው መስታወት ተሰብሮ ነበር፤ በስባሪው ላይም የጣት ምልክት ይታያል። ቤርቲዮን መስታወቱን ፎቶግራፍ አነሣው። የጣት አሻራን ቀደም ብሎ በልክ ካርዶቹ ላይ እንደ ተጨማሪ ምልክት ያስገባ ስለ ነበረ፣ ከካርዶቹ መካከል ሲፈለግ አሻራው ከጥቂት ወራት በፊት ከተያዘ ሸፈር ከሚባል ሰው አሻራ ጋር ገጠመ። ያየ ሰው ሳይኖር፣ ማንም በስም ሳይጠቁም ገዳዩ ታወቀ። በአውሮፓ የነፍስ ግዳይ ምርመራ በዚህ ዓይነት ሲፈታ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መሣሪያው ግን የጣት አሻራ ብቻ አልነበረም፤ መስታወቱን ሳያብስ፣ ሳይጠርግ፣ በነበረበት ያስቀረው ፎቶግራፍ ነው።

ልኩን የሳተበት ጊዜ

እስከዚህ ድረስ የተተረከው ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን የዚህን ሰው ታሪክ ምስጋናውን ብቻ መርጦ መጻፍ ራሱ ካስተማረው ሥርዓት ጋር አይስማማም፤ ስፍራው እንደ ተገኘ መታየት አለበትና።

በ1894 በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ምስጢር ለጀርመን የሚሸጥ መኮንን አለ ተብሎ አንዲት ወረቀት ተያዘች። ሻምበል አልፍሬድ ድሬፉስ ተጠረጠረ። ድሬፉስ አይሁዳዊ ነበረ፤ በዚያ ጊዜም በአይሁድ ላይ የነበረው ጥላቻ ብርቱ ነበር። ወረቀቷን መጀመሪያ የመረመረው የፈረንሳይ ባንክ የእጅ ጽሕፈት ዐዋቂ የሌላ ሰው ጽሕፈት ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ይህ መልስ አለቆቹን ደስ አላሰኘም፤ ስለዚህ ወረቀቷ ወደ ቤርቲዮን ተላከች። ቤርቲዮን የእጅ ጽሕፈት ዐዋቂ አልነበረም። ይሁን እንጂ የጸሐፊው ማንነት ድሬፉስ ነው ብሎ ወሰነ።

የሁለቱ ጽሕፈት ልዩነት በታየ ጊዜ እንኳ ሐሳቡን አልለወጠም። ድሬፉስ ቢያዝ ለማምለጥ ሲል የራሱን ጽሕፈት ሌላ ሰው አስመስሎ የቀዳው አድርጎ ጻፈው የሚል ትንታኔ አመጣ። በዚህ ትንታኔ መሠረት ጽሕፈቱ ቢመሳሰል ወንጀለኛ ያደርገዋል፤ ቢለያይም ወንጀለኛ ያደርገዋል። ከሌባሻው ብላቴና መንገድ በምን ይለያል? እዚያም እዚህም አስቀድሞ የታሰበው ሰው ከደጁ ይወደቅበታል። የሚያሳዝነው ቤርቲዮን ይህን ያደረገው ፎቶግራፍን በማጉላት፣ በወረቀቱ ላይ የመለኪያ መሥመር በማስመር፣ ማለትም በዚያው በሚመሰገንበት መሣሪያ መሆኑ ነው። መሣሪያው ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። በወንጀል ስፍራ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይለካል፣ በመጨረሻ ይፈርዳል። በዚህ ነገር ግን መጀመሪያ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ለፍርዱ የሚሆን ልክ ፈለገ።

ድሬፉስ ማዕረጉ በአደባባይ ተገፎ ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ። እኛ በ1896 በዐድዋ ድል ባደረግንበት ወራት ይህ ንጹሕ ሰው በዚያች ደሴት ብቻውን ታስሮ ነበር። ወረቀቷን የጻፈው ኤስተርሃዚ የሚባል ሌላ መኮንን መሆኑ እየተገለጠ ሄደ። ቤርቲዮን ግን በ1899 በሬን ከተማ በተደረገው ሁለተኛ ችሎት ቀርቦ ያንኑ ትንታኔ ደገመ። በ1904 ፖዋንካሬ፣ ዳርቡና አፔል የሚባሉ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ትንታኔውን መርምረው ሳይንሳዊ ዋጋ የሌለው መሆኑን ገለጹ። በሐምሌ 1906 የድሬፉስ ንጽሕና በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ሆነ። ቤርቲዮን ግን እስከ ሞቱ ድረስ ስሕተቱን አላመነም።

ይህ ግትርነት በሌላም ሥራው ጎዳው። የጣት አሻራ በአርጀንቲና ከ1892 ጀምሮ፣ በለንደንም ከ1901 ጀምሮ ለመለያነት እየዋለ ሳለ፣ እርሱ አካልን መለካት ይበልጣል በማለት ጸና። በነሐሴ 1911 ሞና ሊዛ የተባለችው ዝነኛ ሥዕል ከሉቭር ቤተ መዘክር በተሰረቀች ጊዜ ሌባው በመስታወቱ ላይ የጣት ምልክት ትቶ ነበር። ይህ ሰው ቀድሞ ታስሮ የሚያውቅ፣ ካርዱም በፓሪስ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ካርዶቹ በአካል ልክ እንጂ በጣት አሻራ ስላልተደረደሩ ሊገኝ አልቻለም። ሥዕሊቱ የተገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌባው ራሱ በፍሎረንስ ለመሸጥ ሲሞክር ነው።

አልፎንስ ቤርቲዮን ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 13 ቀን 1914 በደም ማነስ በሽታ ሞተ። የሰውን አካል የመለካት ዘዴው ብዙም ሳይቆይ በጣት አሻራ ተተክቶ ቀረ። የስፍራ ፎቶግራፉ ግን ኖረ። ከእርሱ ዘንድ ከተማሩት አንዱ ራይስ በ1909 በሎዛን ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ ሳይንስ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ሌላው ሎካር በ1910 በሊዮን የምርመራ ላቦራቶሪ ከፈተ። ዘዴው ከዚያ ወደ ዓለም ተሰራጨ።

ለቆቦ ምን ይጠቅማል?

ባገራችን በ1954 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንጀልን መመርመር የፖሊስ ግዴታ መሆኑን ደነገገ። ሆኖም ሕጉን በማሽላ እርሻ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው መጀመሪያ ከስፍራው የሚደርሰው ሰው ነው። ይህም ሰው ብዙ ጊዜ ሊቅ አይደለም፤ ወጣት ፖሊስ ወይም የቀበሌ ሹም ነው። ዛሬ ካሜራ በስልክ ውስጥ ገብቶ በኪስ የሚያዝ ስለ ሆነ የመሣሪያ ማጣት እንደ ቀድሞው ምክንያት አይሆንም። የሚጎድለው ሥርዓቱ ነው።

እንግዲህ የሞተ ሰው ተገኘ ተብሎ ወደ ሜዳው የተጠራ ወጣት ሹም አስቀድሞ ለቅሶተኛውን በትሕትናና በጽናት ከስፍራው ያርቅ። ይህ ቀላል አይደለም፤ በልጅዋ ሬሳ ላይ እንዳትወድቅ የተከለከለች እናት የምታዝንበት ነው። ቢሆንም በዚያች ሰዓት የሚጠበቀው ዱካ ለልጅዋ ደም የሚቀርብ ምስክር መሆኑን በረጋ ቃል ያስረዳት። ቀጥሎ ሜዳውን ከአራቱም ማዕዘን፣ ከዚያም ሬሳውን፣ ከዚያም ዱካውንና የተጣለውን ዱላ መለኪያ አስቀምጦ ያንሣ። ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ማን እንዳነሣውና ከየት ሆኖ እንዳነሣው ይጻፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሬሳውን ለማንሣት የተቻኮለ መርማሪ በኋላ ሊለቅመው የማይችለውን ያፈሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ወንጀለኛውን አውቄዋለሁ ብሎ ከቤቱ የወጣ መርማሪ ካሜራ ቢይዝም አያይም። ቤርቲዮን በፓሪስ ክፍሎች ውስጥ ካሜራውን ከላይ አቁሞ ያለ አድልዎ ባየ ጊዜ ገዳዩን አገኘ፤ በድሬፉስ ነገር አስቀድሞ ፈርዶ ባየ ጊዜ ንጹሕ ሰው ለዓመታት በግዞት ተሠቃየ። በራያ ቆላ በስሕተት የተጠራ አንድ ስም ሁለት ወገኖችን ለትውልድ ሊያፋጅ ይችላል። በትክክል የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ደግሞ እውነተኛውን ገዳይ ለፍርድ ያቀርባል፤ ንጹሑን ከሞት ያድናል፤ ለዘወልድ ሽማግሌዎችም እርቁን በእውነት ላይ እንዲያቆሙት መሠረት ይሆናል።